ፈረንሳይኛን ከአማርኛ ተነስቶ መማር

(ፈረንሳይኛን ቤታቸው ሆነው ከዜሮ ለመጀመር ላሰቡ አዋቂዎች አዲስ አበባ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። የመጨረሻው ክፍል ከታዳሚዎች ጥያቄ የመጣ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በኋላ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ እዚህ መድረስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ስልካችሁ ላይ የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ አፕ የጫናችሁ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ አፑ በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ብቻ እጃችሁን ሳታወርዱ ቆዩ።

ይኸው፣ አንድም እጅ አልቀረም። ሁላችሁም ፈረንሳይኛን የምትማሩት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። መጀመሪያ የአማርኛውን ሐሳብ ወደ እንግሊዝኛ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን ወደ ፈረንሳይኛ። እንግሊዝኛውም ለብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የመጣ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ሁለት ወር ሞክሮ የሚያቆመው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መንገዱ ስለረዘመበት ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ድምፁንና አገባቡን ከአማርኛ ተነስታችሁ ተማሩ። እንግሊዝኛን ለቃላት አስቀምጡት፤ እዚያ ላይ በጣም ይጠቅማል።

ለምን እንዲህ እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። «ናፈቅከኝ» እንላለን። በዚህ አነጋገር አድራጊው ማን ነው? አንተ ነህ። የሚናፍቀው ሰው «እኔ» ግን ተደራጊ ሆኖ ከግሱ ጫፍ ተለጥፏል። በእንግሊዝኛ ነገሩ ይገለበጣል፤ «አይ ሚስ ዩ» ሲባል አድራጊው «እኔ» ነው። በፈረንሳይኛስ? «ቱ መ ማንክ»። «ቱ» አንተ ነው፣ «መ» ለእኔ ወይም እኔን ነው፣ «ማንክ» ግሱ ነው። አድራጊው እንደ አማርኛው «አንተ» ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ሁልጊዜ ይገለብጠውና «ናፈቅሁህ» ይላል። ከአማርኛ የተነሳ ሰው ግን ማስታወስ እንኳ አያስፈልገውም፣ በዚያው መንገድ ሲያስብ ነው የኖረው።

ሌላ እንይ። «መጽሐፍ አለ» እና «መጽሐፍ አለኝ»። አንድ ግስ ነው፣ ሁለተኛው ላይ «ኝ» ብቻ ተጨምሯል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች የማይገናኙ ግሶች ይጠቀማል። ፈረንሳይኛ ግን ሁለቱንም ከአንድ ግስ ያወጣቸዋል። «ኢል ያ» ማለት «አለ» ነው፣ «ዤ» ማለት «አለኝ» ነው፣ ሁለቱም «አቯር» ከሚባለው ግስ የመጡ ናቸው። ይህን ግስ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ወር ግማሽ ሥራ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ፈረንሳዮች ዕድሜንም፣ ረሃብንም፣ ብርድንም፣ አብዛኛውን ያለፈ ጊዜም በዚሁ ግስ ነው የሚናገሩት።

አሉታውን ደግሞ ስሙት። እኛ «አልበላም» ስንል ግሱን ከፊት በ«አል» ከኋላ በ«ም» እንከበዋለን። ፈረንሳዮቹም ከፊት «ነ» ከኋላ «ፓ» ያደርጋሉ፦ «ዠ ነ ማንዥ ፓ»። ግሱ መሀል ላይ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ «ለምን ሁለት ጊዜ?» ብሎ ይገረማል። እኛ መገረም የለብንም። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። ፈረንሳዮች በዕለት ንግግር የፊተኛውን «ነ» ብዙ ጊዜ ይጥሉታል፣ «ፓ» ብቻዋን ሥራውን ትሠራለች። ስትሰሙ ግራ እንዳይገባችሁ።

«አየዋለሁ» ስንል ደግሞ የሚታየው ሰው ግሱ ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛም «እሱን» የሚለውን ትንሽ ቃል ከግሱ ጋር አስጠግቶ፣ ከግሱ ፊት ያስቀምጠዋል፦ «ዠ ለ ቯ»። ከእንግሊዝኛ የሚነሳ ሰው መጨረሻ ላይ ሊያስቀምጠው ይታገላል።

አክብሮቱ ላይ ደግሞ የማስረዳው እንኳ አይኖረኝም። «ቱ» እና «ቩ» አሉ። ለጓደኛና ለልጅ «ቱ»፣ ለማታውቁት ሰው፣ ለአለቃ፣ ለአዛውንት «ቩ»። «ቩ» «እናንተ» ማለትም ነው፤ አክብሮቱ ከብዙ ቁጥር የመጣ ነው። እኛም «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሱ «እነሱ ይመጣሉ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። መቼ ማንን አንቱ እንደሚባል ከልጅነት ጀምሮ በጆሯችን የገባ ነገር ነው። ሱቅ ስትገቡ ለሻጯ «ቩ» በሉ። ይኸው ነው።

ሁሉም ነገር ይገጥማል አላልኩም። የማይገጥመውን ካልነገርኳችሁ ደግሞ አታለልኳችሁ ማለት ነው። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ የእነሱ መሀል ላይ። ይህን በአንድ ሳምንት ትለምዱታላችሁ። የሚያስቸግረው የዕቃ ጾታ ነው። እኛም «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፣ ነገር ግን ጠረጴዛን አንድ ጊዜ «ጠረጴዛው» ሌላ ጊዜ «ጠረጴዛዋ» ብንል ማንም አይቆጣም። በፈረንሳይኛ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ሴት ናት፣ መጽሐፍ ሁልጊዜ ወንድ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው። ስም ብቻውን አትያዙ። «ታብል» ሳይሆን «ላ ታብል»፣ «ሊቭር» ሳይሆን «ለ ሊቭር» ብላችሁ ያዙ። በኋላ እመለስበታለሁ ያለ ሰው ሁለት ሺህ ቃል እንደገና መማር ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ድምፅ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ቤት ብቻውን የሚማር ሰው አብዝቶ የሚጎዳው እዚህ ነውና። የሚያርም መምህር አጠገቡ የለም።

መልካሙን አስቀድማለሁ። «ለ፣ ደ፣ መ፣ ነ» ይላል የፊደላችን የመጀመሪያው ቤት። እነዚህ ራሳቸው የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው ማለት ይቻላል። የእነሱ አናባቢ ከንፈሩን ትንሽ ያሞጠሙጣል እንጂ በጣም ይቀራረባል። «ዠ» አለን፣ «ኝ»ም አለን። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ሌሎች ተማሪዎችን ያስቸግራሉ። ፈረንሳይኛ እንደ እንግሊዝኛ አንዱን ክፍለ ቃል ደፍጥጦ ሌላውን አይውጥም። ክፍለ ቃሎቹ በእኩል ይሄዳሉ፣ እንደ አማርኛችን። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ዜማ አታንብቡት። በአማርኛ ዜማ ብታነቡት ይሻላል።

አስቸጋሪው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእኛ ፊደል ሁለቱም «ደሱ» ተብለው የሚጻፉ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ «ከላይ» ማለት ነው፣ ሌላው «ከሥር»። ተቃራኒ ናቸው! ልዩነቱ የመጨረሻዋ አናባቢ ብቻ ናት። «ከሥር» የሚለው የእኛው «ኡ» ነው። «ከላይ» የሚለው ግን አማርኛ ውስጥ የሌለ ድምፅ ነው። እንዲህ አድርጉ፦ «ኢ» በሉና ድምፁን ሳታቋርጡ፣ ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ ከንፈራችሁን ብቻ ለፉጨት እንደምታሞጠሙጡት አሞጥሙጡ። ኢ... ይኸው መጣ። መስታወት ፊት ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች። «ቦን» ስትሉ እኛ ምላሳችንን ላንቃችን ላይ ለጥፈን «ን»ን እንዘጋለን። እነሱ አይዘጉም። «ቦ» ይሉና አየሩን በአፍንጫም በአፍም ይለቁታል፣ ምላስ የትም አይነካም። «ወይን ጠጅ» እና «ነፋስ» ሁለቱም በእኛ ጆሮ «ቫን» ይመስላሉ። በእነሱ ጆሮ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ የፈረንሳይኛ ቃል ሥር በአማርኛ ፊደል አነባበቡን የመጻፍ ልማድ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ይቅር። ፊደላችን ሀብታም ነው፣ ለእነዚህ ድምፆች ግን አልተሠራም። እኔም እዚህ የማደርገው ለመግባባት ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ ማጥበቅ። አማርኛ «ገና» የሚለውን አጥብቆ በዓል፣ አላልቶ «ገና ነኝ» ያደርገዋል። ፈረንሳይኛ አያጠብቅም። ጽሑፍ ላይ ሁለት ኤል ወይም ሁለት ኤም ተደርበው ስታዩ እጃችሁ ያሳክካችኋል፤ ተዉት፣ አላሉት።

ስለ «ር» የሚጨነቅ ሰው ሁልጊዜ አለ። አትጨነቁ። ጉሮሮ ውስጥ የሚንከባለለው የፓሪስ «ር» ያምራል፣ ነገር ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ፈረንሳይኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች በምላስ ጫፍ ነው የሚሉት፣ እንደ እኛ። ዓረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ ደግሞ ቀላል ነው። ዓረብኛው «ጘይን» የሚሉት ፊደል ድምፅ ለፓሪሱ «ር» በጣም ይቀርባል። ያላችሁን ተጠቀሙ።

እንግሊዝኛውን ለምን ለቃላት አስቀምጡት አልኩ? በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ጊዮም እንግሊዝን ያዘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። እንግሊዝኛ በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላትን ከዚያ ወሰደ። ስለዚህ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ብትገልጡ «ኢንፎርሜሽን፣ ኮሚሽን፣ ኢምፖርታንት» የመሰሉ ቃላት ገጹን ሞልተውታል። አጻጻፉ ያው ወይም ተቀራራቢ ነው፣ አነባበቡ ብቻ ይለያል። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። የሚያታልሉ ቃላትም አሉ፤ «ሊብሬሪ» የመጻሕፍት መሸጫ እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለም። እየተሰናከላችሁ ትለዩአቸዋላችሁ።

ወደ ቤት እንግባ። ማታ ራት ተበልቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ አርባ ደቂቃ አላችሁ እንበል። ምን ታደርጋላችሁ?

እኔ የማምንበት ዘዴ አሮጌ ነው፦ ቃለ ጽሕፈት። ሁላችንም አንደኛ ደረጃ ስንማር ጽፈናል። ፈረንሳዮችም እስከ ዛሬ ልጆቻቸውን ያጽፋሉ። ለእኛ የሚጠቅምበት ልዩ ምክንያት አለ። ፈረንሳይኛ የሚጻፈውና የሚሰማው የተራራቀ ነው። «እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል፣ ይናገራሉ» በጽሑፍ ሦስት ዓይነት መጨረሻ ቢኖራቸውም ግሱ ሲሰማ አራቱም «ፓርል» ነው። ለተናጋሪ ይህ ደስ ይላል። «ትበላለህ፣ ትበያለሽ፣ ትበላለች» እያለ ላደገ አፍ ምን ይከብዳል? ለጆሮ ግን ይከብዳል። ቃላት ይያያዛሉ። «ሌ» እና «አሚ» ሲገናኙ ፀጥ ያለው ፊደል ነፍስ ይዘራና «ሌዛሚ» ይሆናል። ያነበበ ሰው አይሰማውም፣ የሰማ ሰው አይጽፈውም። ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ቃለ ጽሕፈት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጽሑፉ አብሮት ያለ ድምፅ ፈልጉ። ለጀማሪ ቴቬ5 ሞንድ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው የመማሪያ ገጽ አለ፤ ከዜሮ ደረጃ ጀምሮ አጫጭር ቪዲዮና መልመጃ አለው። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ደግሞ ራዲዮ ፍራንስ ኢንተርናሲዮናል በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የአሥር ደቂቃ ዜና አለ፤ ጽሑፉም ይገኛል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ያዙት፣ ዳታ አይጨርስባችሁም።

ከዚያ ውስጥ ሰላሳ ሰከንድ ብቻ ውሰዱ። ሰላሳ! ጽሑፉን ሳታዩ ደጋግማችሁ ስሙ። የሰማችሁትን በደብተር ጻፉ፣ ያልገባችሁን ክፍት ተዉ። ከዚያ ጽሑፉን አውጡና በቀይ እስክሪብቶ አርሙ። ቀይ የበዛበት ቦታ የእናንተ ትምህርት ነው። ከዚያ ድምፁን እየከፈታችሁ አብራችሁት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ አንባቢው ሲፈጥን እየፈጠናችሁ። በማግስቱ ያንኑ ሰላሳ ሰከንድ እንደገና ጻፉ። ቀዩ ሲቀንስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን የሚተካ አፕ አላየሁም። አፑን ታክሲ ውስጥ ተጠቀሙበት፣ ማታውን ለደብተሩ ስጡት።

ቃላትን በተመለከተ፣ ነጠላ ቃል አትሸምድዱ። ትናንሽ ካርዶች ቁረጡ። በአንዱ ገጽ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ በሌላው የፈረንሳይኛውን ጻፉ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ አይደለም። «ነገ ልመጣ ነው» ከሚለው ጀርባ «ዠ ቬ ቨኒር ደማን»። ያወቃችሁትን ካርድ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ያቃታችሁን ነገ እዩት። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት የተማርነው ነገር ካልተደገመ ቶሎ እንደሚጠፋ፣ በየጊዜው ሲደገም ግን እንደሚቆይ አሳይቷል። አንኪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፣ ኮምፒውተር ያላችሁ ሞክሩት። ወረቀቱም በቂ ነው።

ከግስ ጊዜያት መጀመሪያ ሦስት ብቻ ያዙ፦ የአሁኑን፣ ያለፈውን፣ እና አሁን ያልኩትን «ልመጣ ነው» የሚለውን የቅርብ ወደፊት። በሦስቱ ብዙ ወር መኖር ይቻላል። ስለ ሌሎቹ የሚጠይቃችሁ ፈተና እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቋንቋ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ኤ1 የሚባለውን፣ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሰዓት ይገምቱታል። በቀን አርባ ደቂቃ ማለት በወር ሃያ ሰዓት ነው። አስሉት። ከሦስት እስከ አምስት ወር ይወስዳል። «በሦስት ሳምንት ፈረንሳይኛ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ እለፉት።

መናገርስ? ቤት ውስጥ ማን አለ? አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፣ ፈረንሳይኛም ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከኮንጎ፣ ከሴኔጋል፣ ከካሜሩን የመጡ ሰዎች በመካከላችን ይኖራሉ። ጎረቤታችን ጂቡቲ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው የሥራ ቋንቋዋ። ዓለም አቀፉ የፍራንኮፎኒ ድርጅት በ2022 የተናጋሪዎቹን ቁጥር 321 ሚሊዮን አድርሶታል፣ ከግማሽ በላዩ አፍሪካ ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛ የሩቅ ሰው ቋንቋ አይደለም ማለቴ ነው። የዴሞክራቲክ ኮንጎ ሰው ስታገኙ ግን ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ሰባንና ዘጠናን የፈረንሳይ ሰው «ስድሳ አሥር»፣ «አራት ሃያ አሥር» ብሎ ሲቆጥር እነሱ እንደ ቤልጂጎች በአንድ ቃል ይሉታል። የእነሱ ይቀላል።

ሰው ካላገኛችሁ ሁለት ሆናችሁ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ተላላኩ። አንድ ደቂቃ፣ በቀን አንዴ። ዛሬ ምን በላሁ፣ ማን መጣ። ዛሬ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ስልክ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ።

እዚህ ፊት የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ እኔ ሃምሳን አልፌአለሁ፣ አይረፍድም ወይ?» ብለው ጠየቁ። እማማ፣ አይረፍድብዎትም። የልጅ ብልጫው በረጅም ጊዜ፣ በተለይ በአነጋገር ጥራት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አዋቂ ከትንሽ ልጅ እንደሚፈጥን ጥናቶች ያሳያሉ። ማንበብ ያውቃሉ፣ ማወዳደር ያውቃሉ፣ ለምን እንደሚማሩም ያውቃሉ። የጂቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር። መካኒኩም ቲኬት ቆራጩም ፈረንሳይኛ የለመዱት አዋቂ ሆነው ሥራ ላይ ነው። እኛም ጣቢያውን ለገሃር ብለን የቀረነው ከእነሱ አፍ ነው።

እማማ፣ እንግሊዝኛም አልችልም ብለዋል። ታዲያ ምን ይጎድልብዎታል? ቃላቱን ትንሽ ቀስ ብለው ይይዛሉ እንጂ አገባቡ በአማርኛ ተጀምሮ ያልቃል። ካርዱን በአማርኛ ይጻፉ። የድምፅ መልእክት የሚላላክዎት ሰው ከፈለጉ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ከዚህ ስንወጣ ስልክዎን ይስጡኝ።

ከኋላ ደግሞ ስለ ፈተና የተጠየቀ አለ። «ደልፍ ልውሰድ ወይስ ቴፍ?» ይላል። የት ልትሄድ እንደሆነ ይወስነዋል። ደልፍ የፈረንሳይ መንግሥት ዲፕሎማ ነው። ጊዜው አያልፍበትም፣ ከ100 ውስጥ 50 ያመጣ ያልፋል፣ ግን በአንዱም ክፍል ከ25 ውስጥ ከ5 በታች ማምጣት አይቻልም። ለትምህርት፣ ለሥራ፣ የደረሱበትንም ለማወቅ ደልፍ ጥሩ ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው መንገድ ወደ ካናዳ ለመሰደድ ከሆነ ግን ደልፍን አይቀበሉም። የሚቀበሉት ቴፍ ካናዳ ወይም ቴሴኤፍ ካናዳ የሚባሉትን የፈረንሳይኛ ፈተናዎች ነው፣ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ቶሎ ወስደህ አታስቀምጠው። ፋይልህን የምታስገባበት ጊዜ ሲቃረብ ተፈተን፣ እስከዚያ ድረስ ገንዘብህን አትክፈል።